የለንደን ሥርዓት (ቼስ)

የለንደን ሥርዓት በቼስ ጨዋታ ነጭ የንግሥቷን ወታደር ሁለት ቤት በመግፋት ጀምሮ፣ በጥቁር ቤቶች ላይ የሚሄደውን ጳጳስ ቶሎ ብሎ ወደ ኤፍ4 የሚያወጣበት የመክፈቻ ዓይነት ነው። በብዛት የሚታየው አጀማመር 1. ዲ4 ዲ5 2. ጳጳስ ኤፍ4 ወይም 1. ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 2. ፈረስ ኤፍ3 ኢ6 3. ጳጳስ ኤፍ4 ነው። «ሥርዓት» የተባለበት ምክንያት ነጭ ጥቁር ለሚያደርገው ለእያንዳንዱ እርምጃ የተለየ መልስ ከመሸምደድ ይልቅ፣ ጠጠሮቹን በአመዛኙ በአንድ ዓይነት አሰላለፍ ስለሚያቆም ነው። በዚህም ምክንያት ለጀማሪ ከሚመከሩት መክፈቻዎች አንዱ ሆኗል፤ «ሰነፍ መክፈቻ» ተብሎ የሚወቀሰውም በዚሁ ነው። ሁለቱም አባባሎች ግማሽ እውነት አላቸው።

በዚህ ጽሑፍ የገበታው ስምንት ዓምዶች ከነጭ ግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤች ተብለው ይጠራሉ፤ ረድፎቹ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። የጠጠር ስም ሳይጠቀስ ቤቱ ብቻ ከተጻፈ (ለምሳሌ ዲ4) የተንቀሳቀሰው ወታደር ነው። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ፣ ፈረስ እና ወታደር ይባላሉ። ካስሊንግ ማለት ንጉሡና ግንቡ በአንድ ተራ አብረው ተንቀሳቅሰው ንጉሡ ወደ ጥግ የሚጠለልበት እርምጃ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሰላለፉ

ነጭ ሁሉ ነገር እንዳሰበው ቢሄድለት የሚደርስበት አቋም የሚከተለው ነው። ወታደሮቹ ሲ3፣ ዲ4 እና ኢ3 ላይ ሆነው እንደ ጎጆ ጣሪያ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። አንዱ ጳጳስ ኤፍ4 ላይ፣ ሌላው ዲ3 ላይ ይቆማል። ፈረሶቹ ኤፍ3 እና ዲ2 ላይ ይሆናሉ። የኤች ወታደር ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ወደ ኤች3 ይገፋል፤ ኤፍ4 ላይ ያለው ጳጳስ ሲባረር ኤች2 ላይ የሚያርፍበት ማምለጫ ለማበጀት ነው። ከዚያ ካስሊንግ ይከተላል።

የአሰላለፉ ዋና ነጥብ ቅደም ተከተሉ ነው። ነጭ ኢ3ን ከጳጳሱ በፊት ቢገፋ ኖሮ ያ ጳጳስ በራሱ ወታደሮች ተከቦ ሲ1 ላይ ይታሰር ነበር። በለንደን ሥርዓት ጳጳሱ መጀመሪያ ይወጣል፣ በሩ ቀጥሎ ይዘጋል። ይህ ግን ነጻ ስጦታ አይደለም። ጳጳሱ ከሲ1 ሲነሳ ቢ2 ላይ ያለው የነጭ ወታደር ጠባቂውን ያጣል። ጥቁር በዚህ መክፈቻ ላይ የሚሰነዝረው ከባድ ጥያቄ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከዚህች አንዲት ወታደር ይነሳል።

ነጭ በመሃል ጨዋታው የሚመኘው ቤት ኢ5 ነው። ዲ4 ላይ ያለው ወታደርና ኤፍ4 (ወይም ጂ3) ላይ ያለው ጳጳስ ሁለቱም ኢ5ን ይደግፋሉ፤ ስለዚህ አንድ ፈረስ እዚያ ከተቀመጠ ለማስነሣት ያስቸግራል። ዲ3 ላይ ያለው ጳጳስ ደግሞ በሰያፍ ኤች7ን ያያል፤ ካስሊንግ ላደረገ ጥቁር ንጉሥ ይህች ወታደር የቤቱ በር ናት። ፈረሱ ኢ5 ላይ ከተተከለ በኋላ ንግሥቷ በኤፍ3 በኩል ወደ ንጉሡ ጎን ስትሻገር «ጸጥተኛ» የሚባለው መክፈቻ ድንገት ጸጥታውን ያጣል።

ስሙና ታሪኩ

ጳጳሱን በሁለተኛው እርምጃ ወደ ኤፍ4 ማውጣት ከስሙ ይቀድማል። በ1880ዎቹ በአየርላንድ የተወለደው ጄምስ ሜሰን በታላላቅ ውድድሮች ይጠቀምበት ስለነበር፣ 1. ዲ4 ዲ5 2. ጳጳስ ኤፍ4 የሚለው አጀማመር በአንዳንድ መጻሕፍት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

«ለንደን» የሚለው ስም የመጣው ግን በ1922 ዓ.ም. በለንደን ከተደረገው ታላቅ ውድድር ነው። ውድድሩን ከአንድ ዓመት በፊት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ከ15 ጨዋታ 13 ነጥብ በመሰብሰብ፣ አንድም ሳይሸነፍ አሸነፈ። አሌክሳንደር አሌኪን ሁለተኛ ሆነ። በዚያን ዘመን ወጣት ተጫዋቾች በጥቁር ጠጠር ወታደሮችን መሃል ላይ ከመደርደር ይልቅ ጂ6ን ገፍተው ጳጳሳቸውን ጂ7 ላይ ማስቀመጥና መሃሉን ከሩቅ ማጥቃት ጀምረው ነበር። ይህ አካሄድ ኋላ የንጉሥ ህንድ መከላከያ የሚባለውን ወለደ። የለንደኑ ውድድር ተሳታፊዎች ለዚህ አዲስ ነገር መልስ ይሆን ዘንድ ዲ4፣ ፈረስ ኤፍ3 እና ጳጳስ ኤፍ4ን ደጋግመው ሞከሩ። አሌኪን ኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ሆላንዳዊ ማክስ ኧዌን ያሸነፈበት ጨዋታ የተጀመረው በዚሁ መልክ ነው፦ 1. ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 2. ፈረስ ኤፍ3 ጂ6 3. ጳጳስ ኤፍ4።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት መክፈቻው በክለቦች ደረጃ እንጂ በቁንጮዎቹ ዘንድ ብዙ አልታየም። ቁም ነገር ያለው ነጭ ሲ4ን ገፍቶ የንግሥት ጋምቢት መጫወት አለበት የሚለው አመለካከት ጠንካራ ነበር። ከተሟገቱለት ጥቂት አያት ጌቶች አንዱ ክሮኤሺያዊው ቭላትኮ ኮቫቼቪች ነው፤ ይህ ሰው በ1970 ቦቢ ፊሸርን ያሸነፈ ሲሆን፣ በ2005 ከኖርዌያዊው ስቨሬ ዮንሰን ጋር ስለ ለንደን ሥርዓት መጽሐፍ አሳትሟል። አሜሪካዊው ጋታ ካምስኪም በተደጋጋሚ ተጠቀመበት። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2010ዎቹ ነው። የቼስ ፕሮግራሞች ዋና ዋናዎቹን መክፈቻዎች እስከ ሃያና ሠላሳ እርምጃ ድረስ ስለተነተኗቸው፣ ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች ተቃዋሚያቸው ቤቱ ሆኖ ካዘጋጀው ትንታኔ ለማምለጥ ብዙም ያልተረገጠ መንገድ መፈለግ ጀመሩ። ቭላዲሚር ክራምኒክና ማግኑስ ካርልሰን ለንደንን አነሡ። ካርልሰን በ2016 በሆላንድ ቫይክ አን ዜ በተደረገው ውድድር ሩሲያዊውን ዬቭጌኒ ቶማሼቭስኪን ያሸነፈበት ጨዋታ ብዙ ሰው መክፈቻውን ዳግም እንዲመለከተው አድርጓል።

የእርምጃ ቅደም ተከተል፦ ጳጳሱ ይቅደም ወይስ ፈረሱ?

አሰላለፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እርምጃዎቹን በፈለጉት ተራ መጫወት ይቻላል የሚል ግምት በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። አብዛኛው ሽንፈት የሚመጣውም ከዚህ ግምት ነው።

በቆየው አካሄድ ነጭ በሁለተኛው እርምጃ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ ያወጣ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ብዙዎች ጳጳሱን በሁለተኛው እርምጃ አውጥተው ፈረሱን ያቆዩታል። አንደኛው ጥቅም ቀላል ነው። ጥቁር የኤፍ4ን ጳጳስ ለመብላት ፈረሱን ከኤፍ6 ወደ ኤች5 ቢወስድ፣ ነጭ ኢ3ን አስቀድሞ ከገፋና ኤፍ3 ባዶ ከሆነ፣ የነጭ ንግሥት ከዲ1 እስከ ኤች5 ያለው ሰያፍ ክፍት ስለሆነላት ፈረሱን በነጻ ትበላዋለች። ፈረሱ ኤፍ3 ላይ ቢሆን ኖሮ የራሷን ንግሥት መንገድ ይዘጋ ነበር፤ ያን ጊዜ ጥቁር ጳጳሱን በእርጋታ ማሳደድ ይችላል።

ሁለተኛው ጥቅም ከቢ2 ወታደር ጋር የተያያዘ ሲሆን ሙሉውን ማየት ይጠቅማል። ነጭ ሳይጠነቀቅ እንዲህ ተጫወተ እንበል፦ 1. ዲ4 ዲ5 2. ጳጳስ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3 ሲ5 4. ሲ3 ፈረስ ሲ6 5. ፈረስ ኤፍ3 ንግሥት ቢ6። የጥቁር ንግሥት ቢ2ን እያየች ነው። ነጭ 6. ንግሥት ቢ3 ብሎ ንግሥት በንግሥት እንለዋወጥ ሲል፣ ጥቁር 6... ሲ4 ብሎ ያባርራታል። ነጭ 7. ንግሥት ሲ2 ይላል፤ ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። በዚህ ጊዜ ጥቁር 7... ጳጳስ ኤፍ5 ይጫወታል። ጳጳሱ ማንም የማይጠብቀው፣ በነጻ የሚበላ ይመስላል። ነገር ግን ነጭ 8. ንግሥት ኤፍ5 ላይ ብትበላ፣ የጥቁር ንግሥት ቢ2ን በልታ ኤ1 ላይ ያለውን ግንብ ትይዘዋለች፤ ፈረሱ ገና ቢ1 ላይ ስለቆመ ግንቡ የሚሸሽበት ቤት የለውም። ስለዚህ ነጭ ጳጳሱን ሳይበላ ንግሥቱን ወደ ሲ1 አፍሮ መመለስ ይኖርበታል፤ ጥቁርም በነጻ ቦታና ጊዜ ያገኛል።

አሁን አንድ እርምጃ ብቻ ይለወጥ። በአምስተኛው እርምጃ ነጭ 5. ፈረስ ዲ2 ይጫወታል፤ የንጉሡ ጎን ፈረስ ገና በቤቱ ነው። ጥቁር ያንኑ ወጥመድ ቢሞክር፣ ማለትም 5... ንግሥት ቢ6 6. ንግሥት ቢ3 ሲ4 7. ንግሥት ሲ2 ጳጳስ ኤፍ5 ቢል፣ ነጭ ያለ ሥጋት 8. ንግሥት ኤፍ5 ላይ ይበላል። ጥቁር ቢ2ን ሲበላ ቢ1 ባዶ ስለሆነ ግንቡ ወደ ቢ1 ወጥቶ ንግሥቷን ራሷን ያጠቃል፤ ነጭ አንድ ሙሉ ጠጠር አትርፏል። ሁለቱ ቅደም ተከተሎች ጥቁር ዝም ቢል ኖሮ ያው አንድ አቋም ላይ ይደርሱ ነበር። ልዩነቱ የሚታየው ጥቁር ዝም ካላለ ብቻ ነው። ዘመናዊው የለንደን ሥርዓት ሲ5 ለሚጫወት ጥቁር ፈረስ ዲ2ን ቶሎ የሚያስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

የጥቁር መልሶች

ጥቁር ዲ5፣ ኢ6 እና ሲ5ን ሲይዝ የሚመጣው ዋናው መንገድ ነው፦ 1. ዲ4 ዲ5 2. ጳጳስ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3 ሲ5 4. ሲ3 ፈረስ ሲ6 5. ፈረስ ዲ2 ኢ6 6. ፈረስ (ከጂ1) ኤፍ3 ጳጳስ ዲ6 7. ጳጳስ ጂ3። ጥቁር ጳጳሱን ዲ6 ላይ ያኖረው የነጭን ጥሩ ጳጳስ ለመለወጥ ነው። ነጭ ዲ6 ላይ ራሱ ከመብላት ይልቅ ወደ ጂ3 ማፈግፈጉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጥቁር ጂ3 ላይ ቢበላ ነጭ በኤች ወታደሩ ይበላል፤ ያን ጊዜ የኤች ዓምድ ይከፈትና ኤች1 ላይ ያለው ግንብ አንድም ሳይንቀሳቀስ ኤች7ን ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ነጭ በዚህ አቋም ኤች3ንም ሆነ ካስሊንግን ለጊዜው ያዘገያል። ጥቁር ካልበላ ደግሞ 7... ካስሊንግ 8. ጳጳስ ዲ3 ቢ6 9. ፈረስ ኢ5 ጳጳስ ቢ7 10. ኤፍ4 ይመጣል። ጳጳሱ ወደ ጂ3 ዞር ስላለ የኤፍ ወታደር ነጻ ሆኖ ፈረሱን ኢ5 ላይ እንደ ችካል ይተክለዋል።

ጥቁር ነጭን አስመስሎ 2... ጳጳስ ኤፍ5 ሲጫወት ብዙ ጀማሪ የራሱን አሰላለፍ በእርጋታ ይቀጥላልና ጨዋታው ደርቆ ይቀራል። እዚህ ላይ አሰላለፉን መተው ይሻላል። የጥቁርም ጳጳስ ከሲ8 ሲነሣ ቢ7ን ያለ ጠባቂ ትቶ ሄዷል፤ ነጭ አንድ ተራ ስለሚቀድም ሲ3ን ትቶ ሲ4ን በመግፋትና ንግሥቱን ወደ ቢ3 በማውጣት ያንኑ የቢ2 ችግር ለጥቁር ይመልስለታል።

ጥቁር ጂ6 እና ጳጳስ ጂ7 ሲል መክፈቻው ወደ ተወለደበት ጉዳይ ይመለሳል፤ ሆኖም ነጭ ትልቅ ነገር የሚጠብቅበት መስመር አይደለም። ጥቁር ዲ6 አድርጎ ኢ5ን ለመግፋት ይዘጋጃል። ነጭ ኤች3 ያደርጋል፣ ጳጳሱ ሲባረር ኤች2 ላይ ይደበቃል። ከዚያ ጥቁር ኢ5 ላይ ወታደሩን አጽንቶ ከያዘ፣ ኤች2 ላይ ያለው ጳጳስ ግድግዳ እያየ ይውላል። ይህን ያልወደዱ ተጫዋቾች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እርምጃ ፈረሱን ከዲ2 ይልቅ ሲ3 ላይ ያወጣሉ፤ ጥቁር ዲ5 ካለ «ባሪ ጥቃት» የሚባለው ይሆናል፣ ጥቁር ዲ6 ካለ ነጭ ኢ4ን ገፍቶ ወደ ሌላ መክፈቻ ይገባል።

የተለወጠው የካርልስባድ አጥር

ጥቁር በሲ ወታደሩ ዲ4 ላይ ሲበላ ነጭ በኢ ወታደሩ መልሶ ይበላል። ያን ጊዜ ነጭ ሲ3 እና ዲ4፣ ጥቁር ኢ6 እና ዲ5 ይይዛሉ። በንግሥት ጋምቢት የልውውጥ መስመር የሚታወቀው «የካርልስባድ አቋም» ይህ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ተገላብጧል። ጥቁር በንግሥት ጎን ኤ እና ቢ ወታደሮቹን ይዞ ሲ3ን ለማዳከም ይሄዳል። ነጭ በተከፈተው የኢ ዓምድ ግንቡን ያቆማል፣ ፈረሱን ኢ5 ላይ ያኖራል፣ ዓይኑን ወደ ንጉሡ ያዞራል።

የዚህ አቋም በጣም የታወቀው ምሳሌ በሚያዝያ 2023 በካዛክስታን ዋና ከተማ አስታና ታየ። ለዓለም ሻምፒዮንነት ቻይናዊው ዲንግ ሊረን ከሩሲያዊው ያን ኔፖምኒያሺ ጋር ይጫወት ነበር። አምስት ጨዋታ አልፎ ኔፖምኒያሺ በአንድ ነጥብ ይመራል። በስድስተኛው ጨዋታ ዲንግ ነጭን ይዞ 1. ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 2. ፈረስ ኤፍ3 ዲ5 3. ጳጳስ ኤፍ4 አለ። ጥቁር ዲ4 ላይ በልቶ ጳጳሱን ኤፍ5 ላይ አወጣ። ጳጳሱ ዲ3ን ስለተቆጣጠረ ዲንግ ሁለተኛውን ጳጳስ በተለመደው ቤት ሳይሆን ቢ5 ላይ አኖረ፤ «ሥርዓቱ» እዚያው ተሰበረ። በ12ኛው እርምጃ ፈረሱ ኢ5 ደረሰ። ከዚያ የኤ ወታደሩን እስከ ኤ5 ገፍቶ የጥቁርን የንግሥት ጎን አፈነ፣ ግንቡን በኤ3 በኩል አወጣ፣ ሌላኛውን ፈረስ በ22ኛው እርምጃ ሲ5 ላይ ተከለ። በመጨረሻ የጥቁር ወታደር ኤ2 ደርሶ ንግሥት ለመሆን አንድ ቤት ሲቀረው፣ ዲንግ በንግሥቱ፣ በግንቡና በፈረሱ በንጉሡ ዙሪያ መረብ ሠርቶ ነበር። በ44ኛው እርምጃ ንግሥቷ ኤፍ7 ላይ ስታርፍ ኔፖምኒያሺ እጅ ሰጠ፤ ውጤቱም 3 ለ 3 ሆነ። ዲንግ ኋላ በፈጣን ጨዋታ አሸንፎ የመጀመሪያው ቻይናዊ የወንዶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 በሲንጋፖር ከህንዳዊው ዶማራጁ ጉኬሽ ጋር በስድስተኛው ጨዋታ ለንደንን ዳግም ቢጫወትም ያ በአቻ ተፈጸመ።

ክርክሩ

በመክፈቻው ላይ የሚነሳው ክርክር ስለ ጥንካሬው ብቻ አይደለም። የቼስ ፕሮግራሞች ጥቁር በትክክል ከመለሰ እኩልነት ያገኛል ይላሉ፤ ይህ ግን ስለ ብዙ መክፈቻዎች የሚባል ነው፣ ለጀማሪም ቢሆን ለውጥ አያመጣም። ከባዱ ጥያቄ ተማሪ ይማርበታል ወይስ ይደበቅበታል የሚለው ነው።

የሚደግፉት እንዲህ ይላሉ፦ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚጫወት ሰው የሲሲሊያን ወይም የንጉሥ ህንድ መስመሮችን ሲሸመድድ ጊዜው ያልቅበታል። በለንደን ሥርዓት በአጭር ጊዜ ጤነኛ አቋም ይዞ ወደ መሃል ጨዋታው ይገባል፤ የሚማረውም ስለ ኢ5፣ ስለ ኤች7፣ ስለ ክፍት ዓምድ ይሆናል። የሚቃወሙት ደግሞ ተማሪው የተቃዋሚውን እርምጃ ሳያይ ስምንት እርምጃ በጥድፊያ የመደርደር ልማድ ያወጣል ይላሉ፤ በተለይ ሰዓት በሚያጣድፍበት የኢንተርኔት ጨዋታ ይህ በግልጽ ይታያል። ከላይ የታየው የቢ2 ወጥመድ የሚይዘው እንደነዚህ ያሉትን ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ክርክር ከባህላዊው ሰንጠረዥ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይገባል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ «ወረራ» የሚባል ክፍል ነበረ። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያሰልፉ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በጻፉት ጥናት ይህን ዘርዝረውታል። የለንደን ሥርዓትን እንደ ወረራ የሚጫወት ሰው አለ፤ ጠጠሮቹን ደርድሮ ሲጨርስ ጨዋታው የሚጀመር ይመስለዋል። ይሁንና በወረራም ቢሆን ተጫዋቹ ዓይኑን ከተቃዋሚው እጅ አያነሣም ነበር፤ የሌላው አሰላለፍ ሲለወጥ የራሱንም ይለውጥ ነበር።

የሚቀራረቡ መክፈቻዎች

በዲ4 ጀምሮ ሲ4ን የማይገፋ የመክፈቻ ቤተሰብ ሰፊ ነው። በቤልጂጋዊው ኤድጋር ኮል ስም የሚጠራው የኮል ሥርዓት ያንኑ የሲ3፣ ዲ4፣ ኢ3 አጥር ይሠራል፤ ጳጳሱን ግን ከአጥሩ ውስጥ ትቶ በኋላ ኢ4ን በመግፋት ሊያስፈታው ይሞክራል። የጆባቫ ለንደን፣ በጆርጂያዊው ባዱር ጆባቫ ስም የተጠራው፣ ጳጳስ ኤፍ4ን ከፈረስ ሲ3 ጋር ያጣምራል፤ ፈረሱ ወደ ቢ5 ዘሎ ከጳጳሱ ጋር ሲ7ን ማስፈራራቱ ዋና ጥርሱ ነው። ሃንጋሪያዊው ሪቻርድ ራፖርትም ብዙ ስለተጫወተበት በሁለቱ ስም የሚጠሩት አሉ፤ ራፖርት በአስታና የዲንግ ረዳት ነበር። የቶሬ ጥቃት ጳጳሱን አንድ ቤት አርቆ ጂ5 ላይ ያኖራል። ሜክሲኳዊው ካርሎስ ቶሬ በ1925 በሞስኮ ውድድር የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ኢማኑኤል ላስከርን በዚህ መክፈቻ አሸንፏል፤ በዚያ ጨዋታ ንግሥቱን ሠውቶ፣ ግንቡና ጳጳሱ እየተቀባበሉ በተደጋጋሚ ቼክ የጥቁርን ጠጠሮች አንድ በአንድ የለቀሙበት ቅንብር በቼስ መጻሕፍት «የንፋስ ወፍጮ» ለሚባለው ስልት ዋና ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።